እምቧዩን የቀበረው ሰው

በሐይቁ ዳር ቲማቲም የሚያለማ አንድ ሰው ነበር። ሥር የሚያደርቅ በሽታ አፈሩ ውስጥ ገብቶ ሁለት ዓመት ባዶ እጁን አስቀረው። ዘንድሮም ካልያዘለት መሬቱን ለጎረቤቱ ለኩምሳ በእኩል ሰጥቶ፣ በገዛ ማሳው የሰው ሠራተኛ ሊሆን ነው።

ሚስቱ ወለቴ ምን አደረገች? የእምቧይ ችግኝ አፈላች። አዎ፣ ያንን ከብት የማይቀምሰውን እሾሃም። አንገቱን በምላጭ ቆርጣ የቲማቲም ጫፍ ቀጠለችበት። የእምቧይ ሥር በሽታውን ይችለዋል፤ ጠልቆ ወርዶ የቲማቲም ሥር ከማይደርስበት ውሃና ምግብ ስቦ ያወጣል። ተተከለ፤ ቅጠሉ ጠቆረ፣ ግንዱ ወፈረ።

«መጋጠሚያውን አፈር እንዳታስነካው» አለችው።

ታዲያ ኩምሳ በቦዩ ሲያልፍ ቆም አለና፣ «ሰውዬው፣ እምቧይ ተክለህ ቲማቲም ልትለቅም ነው? ለልጅህ ሠርግም ይኼንኑ ልታበላን?» አለው። የውሃ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ።

ሳቅ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። የተሳቀበት ያውቀዋል።

ሰውየው ዶማውን አነሳ። የመጋጠሚያው ጠባሳ እስኪጠፋ ድረስ ግንዱን አፈር አስታቀፈው። አሁን ማንም ቢያይ ቲማቲም ነው። ልቡ ዐረፈ።

ሰነባብቶ አንድ ጠዋት ማሳው ሲወርድ፣ አንዱ መስመር አንገቱን ደፍቷል። ውሃ ጠጥቶ እንዴት ይጠወልጋል? ወለቴ ተንበርክካ አፈሩን በጣቷ ገለጠች። ከመጋጠሚያው በላይ፣ ከራሱ ከቲማቲሙ ግንድ፣ ነጫጭ ሥሮች ወጥተው የታመመውን አፈር ይጠባሉ።

«ማነው የቀበረው?»

ሰውየው ዓይኑን ወደ ቦዩ መለሰ።

«በእምቧዩ አፍረህ ነው?»

«ሰው እኮ ሳቀብኝ፣ ወለቴ።»

«መሬቱን ለኩምሳ በእኩል ስንሰጠውስ ሊያለቅስልህ ነው?»

የደረቀው ደርቋል፤ ሌላው ገና ቆሟል። ኩምሳም ሰዎቹን አስከትሎ በቦዩ እየመጣ ነው። ወለቴ የቀጠለችበትን ምላጭ ከመቀነቷ ፈታ ዘረጋችለት፤ ሰውየው ተቀበላት። በፊታቸው ተንበርክኮ አፈሩን ገለጠ፣ የቲማቲሙን ሥር ቆረጠ። እምቧዩ ታየ። ሰዎቹም ሳቁ። እሱ ቀና ሳይል ቀጣዩን ግንድ ያዘ። መሬቱ በእጁ የቀረው እንዲህ ነው።

እናንተስ? ዛሬ ቅጠላችሁ የለመለመው በማን ሥር ነው? ያቺ ባዳ ሆና ሳለ ልጄ ብላ ያሳደገቻችሁ ሴት የት አለች? በሰው ፊት «ሠራተኛችን ነበረች» አላላችሁም? ያ ከጉርሻው ያካፈላችሁ ድሃ ዘመድ መንገድ ላይ ሲያገኛችሁ፣ አንገታችሁን አዙራችሁ አላለፋችሁም? በእግዚአብሔር ሥር ቆማችሁ «በራሴ ነው የበቀልኩት» ስትሉ እሱ የማይሰማ ይመስላችኋል? የገዛ ሥር ያወጣ ሁሉ የሚጠባው ያንኑ የታመመ አፈር ነው።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደዚያች ሴት ቤት ሂዱ። በፊት ለፊቱ በር ግቡ፤ ጎረቤት እያየ።