የአሥራ አንድ ቀን ባለሙያ

አንድ ጊዜ፣ ክረምት በገባ ሰሞን፣ ጅብና ቀበሮ በአያ አንበሶ የወንዝ ማሻገሪያ ድርጅት ተቀጠሩ። ድርጅቱ እንስሳትን በታንኳ ከወዲህ ማዶ ወደ ወዲያ ማዶ ያሻግራል። ሁለቱም ውለው አድረው የራሳቸውን ታንኳ ለመግዛት ያስቡ ነበር።

ቀበሮ ገመድ ሳበች፣ የተቀደደ ታንኳ ደፈነች፣ የተሳፋሪ ጭቅጭቅ ቻለች። ጅብ ግን ሥራውን በጥልቀት አጠና፤ ማለትም አያ አንበሶ ቀኑን ሙሉ ዛፍ ሥር ተጋድሞ ሲውል ተመለከተ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጥናቱን አጠናቆ መልቀቂያ አስገባ።

ቀበሮ ቢያንስ ሁለት ክረምት ቆይቶ የወንዙን ጠባይ እንዲያውቅ መከረችው።

«አለቃ ምን እንደሚሠራ አይቻለሁ» አላት ጅብ። «ይተኛል። እሱን ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እችልበታለሁ።»

ብዙም ሳይቆይ ከአያ አንበሶ ታንኳዎች ዝቅ ብሎ የራሱን አሮጌ ታንኳ አቆመ። ራሱን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ምክትል ሥራ አስኪያጅና የቦርድ ሰብሳቢ አድርጎ በሙሉ ድምፅ መረጠ። ቀዛፊ መቅጠር ግን ረሳ። ደንበኛም ጠፋ። ፍየሎች በጅብ ታንኳ ከመሳፈር በዋና መሻገርን መረጡ፤ ምክንያቱ እስከ ዛሬ አልገባውም።

አንድ ቀን ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይዋ ደምቃ ሳለ አያ አንበሶ ታንኳዎቹን ሁሉ አሳሰረ። ከወንዙ ምንጭ በላይ ያለው ሩቅ ተራራ ግን በደመና ጠቁሮ ነበር። ጅብ ይህን ሲሰማ ተፎካካሪዎቹ ሰነፉ ብሎ ተደሰተ። እህል ጭና ለገበያ የቸኮለች አህያም ሌላ አማራጭ ስታጣ እየፈራች ወደ እሱ መጣች። ሌሎቹ ለምን እንዳቆሙ ብትጠይቀው፣ ንግድ ስለማያውቁ ነው አላት። መቅዘፊያውንም ለራሷ ሰጥቶ ከኋላ ተጋደመ።

ወንዙ መሃል ሲደርሱ ውሃው ቀላ፤ ቅጠልና ጭራሮ እያንከባለለ መጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች አህያ።

«አትጨነቂ፣ ወንዙ ቀለሙን እየለወጠ ነው» አላት።

ወዲያው ደራሽ ጎርፉ ታንኳውን ገለበጠው። ቀበሮ ግን ውሃው መቅላቱን ከዳር አይታ ገመድ ይዛ ወጥታ ነበር፤ ወርውራላቸው ከባልደረቦቿ ጋር ሁለቱንም ጎትታ አወጣች። እህሉ በጎርፉ ሄደ። አህያ በእህሉ ዋጋ ልትገዛው የነበረውን የክረምት ቀለብ እያሰበች ጎርፉን ቆማ አየች፤ ጅብን ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ጅብም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈረ።

ሁለት ክረምት አለፈ። ቀበሮ ከአያ አንበሶ ጋር በሰላም ተሰነባብታ የራሷን ማሻገሪያ ከፈተች፤ አህያም የመጀመሪያ ደንበኛዋ ሆነች። ጅብ ደግሞ ሥራ ሊጠይቃት መጣ።

«የሥራ ልምድህ ምንድን ነው?» አለችው።

«ዋና ሥራ አስኪያጅ ነበርኩ።»

«እሱን አህያ ነግራኛለች።»

ኮረብታ ላይ ተቀምጦ ተራራው ሲጠቁር እንዲነግራት ቀጠረችው። ጅብም አንድ ከሰዓት በኋላ እየሮጠ መጥቶ ደመናውን ነገራት፤ ታንኳዎቹ ታሰሩ፣ ጎርፉም ባዶ ወንዝ አግኝቶ አለፈ። ቀበሮ ከልቧ አመሰገነችው። በማግስቱ ጅብ የደመና አማካሪ ድርጅት ሊከፍት መሆኑን ለአገሩ ሁሉ አወጀ።

ከዚህ የምንማረው፣ የራሱን ሥራ መጀመር የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ በሌላ ድርጅት ተቀጥሮ ሥራውን ከሥሩ ካልተማረ፣ የትምህርቱን ዋጋ ደንበኞቹ እንደሚከፍሉለት ነው።