ከበሮ መቺውና ያልተዘጋችው ቀለበት

አንድ ሰው ነበረ። በኅዳር አሥራ አንድ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በሚካኤል ዋዜማ መካከል፣ ከበሮውን ከአንገቱ አውርዶ መሬት አስቀመጠና ከቤተ ክርስቲያን ወጣ። ውጣ ያለው የለም። ሲወጣ ሃያ ስድስት መዘምራንና አንድ አለቃ አይተውታል።

ይህን የተናገሩት መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው። የተናገሩትም ትርሲት ለምትባል አዋላጅ ነርስ ነው። ትርሲት በጤና ጣቢያ ታዋልዳለች፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ደግሞ መዘምራኑን ትመራለች። ወላድ ስትመጣ መዝሙሩ ይቋረጣል፤ መዝሙር ላይ ስትቆም ልቧ ወላዶቹ ዘንድ ይሄዳል። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰዎች «እስከ እሑድ ቁርጥሽን አሳውቂን» ብለዋት ነበርና መጥታ «የኔታ፣ የትኛውን ልተው?» አለቻቸው። መሪጌታ ይህን ተዪ፣ ያንን ያዢ አላሏትም። ስለዚያ ሰው ነገሯት።

ሰውየው ሁለት ሥራ ነበረው። አንደኛው ከበሮ ነው። ከአባቱ አልወረሰውም፤ ቆሞ እያየ፣ ጉልበቱን እየመታ የተማረው ነው። ሁለተኛው ዳንቴል ነው። ሴቶች በኪሮሽ የሚሠሩትን ዓይነት አይደለም። ከበሬ ቀንድ የተፋቀች፣ ከአውራ ጣት እምብዛም የማትበልጥ መወርወሪያ ነበረችው። ክሩ በግራ እጅ ጣቶች ላይ ይወጠራል፤ መወርወሪያዋ በቀኝ እጅ አንዴ በላይ፣ አንዴ በታች ታልፋለች፤ ይህ አንድ ቋጠሮ ነው። ቋጠሮው አሥራ ሁለት ሲሞላ የመወርወሪያዋ ክር ይሳባል፤ ቋጠሮዎቹም ተሰብስበው ቀለበት ይሆናሉ። ቀለበት ከቀለበት ተያይዞ ዘርፍ ይወጣዋል። ይህን ሙያ ያስተማሩት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ የሚኖሩ አንዲት መነኩሲት ናቸው።

ጓደኞቹ ይቀልዱበት ነበር። ከሁሉም የሚብሰው ከጎኑ ቆሞ ጸናጽል የሚይዘው ሰው ነው።

«እስቲ ከበሮውንም ዳንቴል አልብሰው፤ ኅዳር ነው፣ እንዳይበርደው» ይለዋል።

«መጀመሪያ ለአፍህ ክዳን ልሥራለት» ይላል ከበሮ መቺው፤ ሥራውንም ይቀጥላል።

በመስከረም መጨረሻ ለታቦቱ አዲስ ድባብ ተገዛ። ጨርቁ ቀይ ነው፤ ዘርፍ ግን አልነበረውም። አለቃው ጠሩትና፣ «ዘርፉን አንተ ሥራው። ለኅዳር ሚካኤል ታቦቱ ከዚህ ጥላ ሥር ይወጣል» አሉት። ቀጠሉና፣ «ከበሮውንም አንተ ትመራለህ፤ እስከ ዛሬ ሲመራ የኖረው ሽማግሌ ጉልበቱ ከዚህ በኋላ አይችልም» አሉት።

ከዚያ ቀን በፊት ከበሮ መርቶ አያውቅም። በድባብ ላይም የሠራው ነገር አልነበረም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ አፍ ተሰጡት። ከአለቃው ደጅ ሲወጣ መሮጥ አማረው፤ ሰው ስለሚያየው ብቻ ረገጥ ረገጥ እያለ ሄደ። ቤቱ ሲገባ የድባቡን ዙሪያ በገመድ ለካ። ሁለት መቶ ሰማንያ ቀለበት ይፈልጋል። የቀረው ጊዜ አርባ ቀን ነው። ይቻላል አለ፤ ደግሞም ይቻል ነበር።

የተሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ለአንዱ አድልቶ ሌላውን እንዳይበድል ፈራ። ስለዚህ በየቀኑ አንድ ጧፍ ያበራል፤ በጧፉ ወገብ ላይ በጥፍሩ ምልክት ያደርጋል። ጧፉ እስከ ምልክቱ ሲነድ ክር ይሠራል፤ ከምልክቱ በታች ሲነድ ከበሮ ይለማመዳል። እሳቱ ምልክቱ ላይ ከደረሰ ሰባተኛ ቋጠሮ ላይም ቢሆን መወርወሪያዋን ይጥላል። በማግሥቱ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ይገለብጥና ምቱን እኩሌታው ላይ አቋርጦ ክሩን ያነሳል። ለሁለቱም እኩል፣ ለማንም ሳላዳላ ይል ነበር። በሚዛኑም ይኮራ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ቀለበቶቹ አልዘጋ አሉ። ሠላሳ ያህሉን ቆርጦ ጣለ። በሦስተኛው ሳምንት በልምምድ ላይ ምቱን ሁለት ጊዜ ሳተ። ክር ሲይዝ ምቱ በጆሮው ይመጣል፤ ከበሮ ሲይዝ ጣቶቹ ቋጠሮ ይቆጥራሉ። ጧፉን በረዘመ ጧፍ ለወጠው። የባሰ እንጂ የተሻለ ነገር አልመጣም። ያም ሆኖ የኅዳር አሥራ አንድ ጠዋት የቀሩት ስምንት ቀለበቶች ብቻ ነበሩ።

ከሰዓት በኋላ ዋዜማው ቆመ። መዘምራኑ በሁለት ወገን ተሰልፈዋል፤ መቋሚያው ቀስ እያለ ይወዛወዛል፤ ጸናጽሉ ዝቅ ከፍ ይላል። ዜማው ገና በዝግታ ላይ ነው፤ ፈጣኑ ምት ሩቅ ነው። ከበሮ መቺው ይመታል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እየቆጠረ እንደሆነ አላወቀም። ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ። ቀኝ እጁ ቀለበት እንደሚዘጋ ሰው ክሩን ሊስብ ተነሳና ከበሮው ላይ ወረደ፤ በፈጣኑ ምት ጀመረ፤ ከአፉም ቃል አመለጠው፦

«አሥራ ሁለት!»

ግማሹ መዘምር ከበሮውን ተከትሎ ዘለለ። ግማሹ በቦታው ቀረ። ጸናጽሉ ከፊሉ ላይ፣ ከፊሉ ታች ሆኖ ቆመ። ዜማው ተሰበረ። በዝምታው ውስጥ ያ ከጎኑ ያለው ጸናጽል ያዥ፣

«ወንድሜ፣ አሥራ ሁለት ነገ ነው፤ ዛሬ አሥራ አንድ ነው» አለ።

ሳቁ ከሴቶቹ መቆሚያ ድረስ ተሰማ። አለቃው አልሳቁም። «ከበሮው አንገትህ ላይ አለ። አንተ ግን የለህም» አሉት። ያን ጊዜ ነው አውርዶት የወጣው።

ቤቱ ገብቶ አንድ ነገር ወሰነ፤ ከሁለት ያጣ ጎመን ከመሆን አንዱን መተው ይሻላል። የትኛውን ግን? ክሩን ከተወ ታቦቱ ነገ ጎዶሎ ዘርፍ ባለው ጥላ ሥር ይወጣል። ከበሮውን ከተወ ዳግመኛ ምራ የሚለው የለም። ቢያንስ የጀመራትን ቀለበት ልዝጋ ብሎ መወርወሪያዋን አነሳ። አሥራ ሁለቱን ቋጠሮ ጨርሶ ሳበ። አልተንቀሳቀሰችም። ጠበቅ አድርጎ ሳበ። ክሩ ተበጠሰ።

የተበጠሰችውን ቀለበት በመዳፉ ይዞ ወደ መነኩሲቷ ሄደ። የጧፉንም ነገር ሳይደብቅ ነገራቸው።

«እማሆይ፣ አንዱን ልተው መጥቻለሁ። የትኛውን ልተው?»

«ቅድም የሰማሁት ከበሮ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«እንጨት የሚፈልጡ መስሎኝ ነበር» አሉ። «በል ቁጭ በል። አንድ ቋጠሮ ሥራና አሳየኝ።»

መወርወሪያቸውን አቀበሉት። ተቀመጠና ሠራ። መወርወሪያዋን ሲስብ የግራ እጁ ጣቶች እንደ ችካል ተገትረው ነበር። ያን ጊዜ እማሆይ ጣቶቹን በመቁጠሪያቸው ቸብ አደረጉት።

«ይህንን ልቀቀው!»

«ብለቀውማ ክሩ ይላላል።»

«ይላላ እንጂ! አንዱን ስትስብ ሌላውን ካላላላህለት ቋጠሮው በየት በኩል ይለፍ? ሁለቱንም ወጥረህ አሥረኸዋል። ይህንን ያስተማርኩህ በመጀመሪያው ቀን ነው።»

ጣቶቹን አላላ። መወርወሪያዋን ሳበ። ቋጠሮው ከአንዱ ክር ወደ ሌላው ዘለለ፤ ቀጥ ባለው ክር ላይም እንደ ዶቃ ተንሸራተተ። ሌላ ሠራ፤ ዘለለ። ሦስተኛ ሠራ። ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት በራ።

«እዩት! እዩት እማሆይ፣ ሄደልኝ!»

«አየሁት። ለምን ያህል ጊዜ አላላኸው?»

«ዓይን እስኪርገበገብ።»

«ከዚያስ?»

«መልሼ ወጠርኩት።»

«ታዲያ ማን ተተወ?» አሉት። መልስም አልጠበቁም። «ያንን በጥፍር ምልክት የምታደርግበትን ጧፍ ደግሞ ወዲህ አምጣው። ጧፍ ለጸሎት ነው።»

እዚያው እግራቸው ሥር ተቀምጦ ስምንቱን ቀለበት ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረሰ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከበሮ በጆሮው አልመጣም። ቢመጣም አላስገባውም። ዘርፉን አስረክቧቸው፣ እሳቸው በድባቡ ላይ ሊሰፉት ቀሩ። የሌሊቱን ማኅሌት ከበሮ ሌላ ሰው መታው። ያ ቀርቶበታል፤ በዚያ ዓመት ተመልሶ አልመጣለትም።

በማግሥቱ ሲነጋ አለቃው ዘንድ ቀረበ።

«ምን ፈለግህ?» አሉት።

«ከበሮዬን።»

«ዘርፉስ?»

«የኔታ፣ ዛሬ ስለ ዘርፍ አይጠይቁኝ። የት እንዳለም አላውቅም።»

አለቃው ጣቶቹን አዩ። ልል ነበሩ። ከበሮውን ራሳቸው አንስተው አንገቱ ላይ አንጠለጠሉለት።

ረፋዱ ላይ ታቦቱ ወጣ። በመጀመሪያው ዙር ምቱ ዝግ ያለ ነበር፤ አልቸኮለም፣ አልቆጠረም። በሁለተኛው ዙር ሕዝቡ አጨበጨበ። በሦስተኛው ዙር ፈጣኑ ምት በቦታው፣ በሰዓቱ መጣ፤ ከበሮ መቺው ዞረ፣ ጎንበስ አለ፣ ዘለለ፤ መዘምራኑ ሃያ ስድስቱም አብረውት ዘለሉ፤ እልልታው ከቅጥሩ አልፎ ገበያውን አናወጠው፤ ነጋዴው ዕቃውን እየተወ ሮጦ መጣ። በዚያው ቅጽበት ነፋስ ተነሳና ድባቡን አነሳው። ሁለት መቶ ሰማንያ ነጭ ቀለበት በቀዩ ጨርቅ ዙሪያ በአንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ሴቶቹ «ዘርፉን እዩት! ዘርፉን!» ብለው ጮኹ። አንገት ሁሉ ቀና አለ።

ጸናጽል ያዡ በጆሮው ጮኸበት፦ «አንተ ሰው፣ ቀና በል! ሥራህን እየው እንጂ!»

«አሁን ከበሮ ላይ ነኝ!» አለው፤ እየሳቀ፣ እየመታ።

በዚያ ቀን ያንን ዘርፍ ያላየ ሰው የሠራው ሰው ብቻ ነው። ያየው ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ ድባቡ ታጥፎ ግድግዳ ተደግፎ ሳለ ነው። ከበሮውን አስቀመጠና ቀለበቶቹን በጣቱ አንድ በአንድ ዳሰሰ። ሁሉም ተዘግተዋል።

መሪጌታ ልሳነወርቅ እዚህ ላይ ወደ ትርሲት ዞሩ።

«አንቺም ልጄ እንደዚያ ሰው ነሽ። ጧፍ ላይ ምልክት አላደረግሽም እንጂ ያው ነው፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ እኩል ወጥረሻቸው ቋጠሮው መሄጃ አጣ። ወላድ ፊትሽ ስትሆን መዝሙሩን አላሊው፤ አይበጠስም። መዘምራኑ ፊት ስትቆሚ ደግሞ ጤና ጣቢያውን በተረኛዋ እጅ ተዪው። ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰዎችም ይህንኑ ንገሪያቸው፦ አለሁ፤ ስጠራ ግን እሄዳለሁ፤ እመለሳለሁም በያቸው።»

 «የኔታ፣ ለእሱ ቀላል ነበር» አለች ትርሲት። «የእሱ ሁለት ክሮች ይመሳሰላሉ። የኔ ግን አንዱ ደም ነው፣ አንዱ ዜማ ነው። የተለያዩ ናቸው።»

መሪጌታ ፈገግ አሉ። «ዛሬ አሥራ አንድ ነው ብዬ ያሳቅሁበት ያ ጸናጽል ያዥ እኔ ነኝ። በኋላ ከበሮ መቺው እጄን ይዞ ይህንን ሰጠኝ። ‹አፍህን ስትከፍት እያት› ብሎ።»

ከመጽሐፋቸው መካከል ብራና የመሰለች ትንሽ ነገር አወጡ። ያቺ የተበጠሰችው ቀለበት ነበረች፤ አሥራ ሁለት ቋጠሮ ያላት፣ ያልተዘጋች።

«ሁለቱን ክሮች ለይተሽ አሳዪኝ» አሏት። «የተወጠረውን ከላላው።»

ትርሲት ስፌት የለመደ ጣት አላት። ከአንደኛው ጫፍ ጀምራ ክሩን በጥፍሯ ተከተለችው። ቋጠሮዎቹን አለፈች፤ በቀለበቱ ዙሪያ ዞረች፤ በቋጠሮዎቹ ሆድ ውስጥ ገብታ በሌላው ጫፍ ወጣች። መገጣጠሚያ ፈለገች። እንደገና ከሌላው ጫፍ ጀምራ ተመለሰች።

መገጣጠሚያ አልነበረውም። ከመጀመሪያውም ክሩ አንድ ነበር።