ሥራ ይዛ የተማረችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ጨው ከቆላ ወደ ደጋ በጀርባ በሚወጣበት አገር፣ ቡሊት የምትባል አህያ ከታላቅ ወንድሟ ከዳለቻ ጋር ትኖር ነበር። አገሩ የአንበሳ ነው። የአንበሳ ደጋ ሣሩ ለምለም፣ ውሃው ቀዝቃዛ ቢሆንም ጨው አይገኝበትም፤ ጨው ያልላሰ ከብት ደግሞ ጠጉሩ ይረግፋል፣ ወተቱ ይነጥፋል። ስለዚህ አህዮች በሳምንት ሁለት ጊዜ ወደ ጨው ሜዳው ይወርዳሉ፣ ዝንጀሮዎች አሞሌ ጨዉን በመጫኛ ይጠፍሩላቸዋል፣ እነሱም ያንን ረጅም አቀበት ይወጡታል። ይህን ሁሉ የሚያዘው፣ ማን መቼ እንደሚጫን የሚወስነው፣ ቀበሮ ነበር።

ዳለቻ ጀርባው ላይ የቆየ ገጣባ ነበረበት። ክረምት ሲሆን ይደርቃል፣ በጋ ሲገባ ያመረቅዛል። አሞሌው በላብ ሲርስ ጨዉ ወደ ቁስሉ ይወርዳል። ያን ጊዜ ዳለቻ አይናገርም፤ ጆሮውን ብቻ ወደ ኋላ ይጥላል። ቡሊት ከኋላው ስትወጣ ቀኑን ሙሉ የምታየው ያንን ጆሮ ነበር።

ቡሊት በውርንጭላነቷ ቅጠል መለየት ተምራለች። ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ የትኛው ይበላል፣ የትኛው ይገድላል የሚለውን ያስለያል እንጂ ቁስል አያድንም። ቁስል የሚያድነው ከፍተኛው ትምህርት፣ የመድኃኒት ቅመማው፣ በአቀበቱ ወገብ ላይ ካለው ዋርካ ሥር፣ ከአባ ኤሊ ዘንድ ይሰጥ ነበር። እሱም ሦስት ዓመት ሙሉ ዋርካው ሥር ለሚቀመጥ ብቻ ነው። ሚዳቋዎች ይማሩታል፣ ጭነት የለባቸውምና። ቡሊት አሞሌ ተሸክማ በዚያ በኩል ባለፈች ቁጥር አንዲት ቃል ለመስማት እርምጃዋን ታዘገያለች፤ ከኋላዋ ያለው አህያ በአፍንጫው ይገፋታል፤ ትሄዳለች።

አንድ በጋ አባ ኤሊ አዲስ ሥርዓት አወጣ። ሥራ ያለው እንስሳ ሁሉ ሥራውን ሳይለቅ መማር ይችላል ተባለ። በዕረፍት ቀኑ የመጣ በዕረፍት ቀኑ ይማራል፤ ጭነቱን አራግፎ ለጥቂት ጊዜ ብቅ ያለም ያቺኑ ያህል ይማራል፤ ያመለጠው ይደገምለታል። ሚዳቋዎቹ ይህ ነገር ትምህርቱን ያረክሰዋል ብለው አጉረመረሙ። አባ ኤሊ አንገቱን ከቅርፊቱ ቀስ አድርጎ አወጣና፣

«እኔ ከተወለድኩ ቸኩዬ አላውቅም። የሦስቱን ዓመት ትምህርት በስድስት ዓመት የሚጨርስ ካለ፣ እኔም ዋርካውም እዚሁ ነን» አላቸው።

ቡሊት ወሬውን ለዳለቻ ስትነግረው ትንፋሽ አጥሯት ነበር። ዳለቻም እሷ ከተማረች እሱም የተማረ ያህል እንደሚቆጥረው ነገራት። እሷም የመጀመሪያው በሽተኛዋ እሱ እንደሚሆን፣ ያንን ገጣባ ከሥሩ እንደምትነቅልለት ቃል ገባችለት።

አያ ጅቦም ተመዘገበ። መንገድ ጠባቂ ስለነበረ እሱም ሥራ ያለው ነኝ አለ። መድኃኒት የሚቀመመው በማርና በቅቤ መሆኑን ሰምቶ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። በመጀመሪያው ቀን ለተማሪዎች ማሳያ የተዘጋጀውን ቅባት እስከ እንጥፍጣፊው ላሰው። አባ ኤሊ ምን ተማርክ ብሎ ቢጠይቀው፣ ትንሽ ጨው ይጎድለዋል አለ። ከዚያ በኋላ ቅባት የሚቀመምበት ቀን ካልሆነ በስተቀር አልታየም።

የመጀመሪያው ዓመት ለቡሊት ጥሩ ዓመት ነበር። በዕረፍት ቀኗ ዋርካው ሥር ትውላለች፣ ግራዋ እንዴት እንደሚዘፈዘፍ፣ ሬት ከየት ላይ እንደሚቆረጥ ትማራለች፣ በሌላው ቀን ጨዉን ተሸክማ በልቧ እየደገመች ትወጣለች። ዳለቻ ከፊቷ እየሄደ ያዳምጣታል። ነገር ግን ዓመቱ ሲያልቅ ሚዳቋዎቹ ወደፊት ርቀው ሄደዋል፤ እሷ ገና የእነሱን ግማሽ እንኳ አልደረሰችም። ያለፈው ትምህርት ለእሷ ሲደገም ሚዳቋዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ይህ ውስጧን ይቆረቁራት ጀመር። ከእነሱ እኩል፣ በሦስት ዓመት፣ መጨረስ አለብኝ አለች። አባ ኤሊ ይህ እንደማያስፈልግ አንድ ሁለት ጊዜ ነግሯታል። ሰማችው፤ ልብ ግን አላለችውም።

በሁለተኛው ዓመት ተማሪው በሽተኛ ማየት ይጀምራል። ሥራ ላለው በሳምንት አንድ ቀን ተፈቅዷል፤ ሥራ የሌለው ሦስት ቀን ይውላል። ቡሊት ሦስቱን ቀን መረጠችና ጭነቷ እንዲቀነስላት ለመለመን ወደ ቀበሮ ሄደች።

ቀበሮ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሲሰማት ሁለት ነገር አሰበ። አንደኛ፣ የአንበሳ ቤት ሐኪም የለውም፤ ሐኪም ከእኔ ሥር ወጣች ቢባል ምስጋናው የእኔ ነው። ሁለተኛ፣ ወደ ደጋ የሚወጣው ጨው አንድ አሞሌ ከጎደለ ወቀሳውም የእኔ ነው። ሁለቱን አስማምቶ ድምፁን አለሳለሰና፣

«መማርማ ክብር ነው። ከእንግዲህ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ አቀበቱን ውጪ፤ የቀረው ጭነትሽ ይነሣልሻል» አላት።

ቡሊት ከደስታዋ ብዛት መሬት እስክትስም አጎነበሰች። እሷ ዞር እንዳለች ቀበሮ ወደ ዳለቻ ሄደ። ይህን ቡሊት ያወቀችው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ቀበሮ ለዳለቻ፣ እህትህ ልትማር ነው፣ ጭነቷ ግን አብሯት አይማርም፣ ወይ እሷ ትምህርቷን ትተው ወይ ሌላ ጀርባ ይሸከመው አለው። ዳለቻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ለምን ያህል ጊዜ ነው አለ። ቀበሮ ለጥቂት ጊዜ ነው አለው።

«እንግዲያው እኔን ጫኑኝ» አለ ዳለቻ። «ለእሷ ግን አትንገሯት።»

ከዚያ ወዲያ ወንድምና እህት እምብዛም አልተገናኙም። እሷ ስትወርድ እሱ ይወጣል፤ እሱ በረት ሲገባ እሷ ዋርካው ሥር ናት፤ የእሷን ጭነት በሚያወጣበት ቀንም ዋርካውን ትቶ በሌላ ዱካ ይዞራል። አልፎ አልፎ ሲገናኙ ዳለቻ ግድግዳ ተጠግቶ፣ ጀርባው ላይ የሚነጠፈውን ድሪቶ ሳያወልቅ ይጠብቃታል። ለምን እንደማያወልቀው ስትጠይቀው ንፋሱ ብርድ ብርድ ይላል አላት። ገጣባህስ አለችው። ደርቋል አላት። ከስተሃል አለችው። በጋ ነው፣ ሣሩ ደርቆ ነው አላት። ከዚያም የተማርሽውን ንገሪኝ ይላታል፤ እሷም ዓይኗን ጨፍና ትደግምለታለች። አንዳንዴ የአንዱን ቅጠል ስም ሁለተኛ እንድትጠራለት ይለምናታል።

ቡሊት በዚያን ጊዜ የመረቀዘ ቁስልን ከሽታው ብቻ ለይታ የምታውቅ ሆናለች። ከዳለቻ አጠገብ ስትቆም ያ ሽታ ይመጣባት ነበር። ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ስታይ ውላ ስለምትመጣ ግን፣ ሽታው ከዋርካው ሥር ይዛው የመጣችው ይመስላታል። ውሃ ዳር ሄዳ አፍንጫዋን ትታጠባለች፣ ተመልሳም ትምህርቷን ትቀጥላለች።

ሦስተኛው ዓመት አለቀ። የምረቃው ቀን ማለዳ ዋርካው ሥር እንስሳ ሁሉ ተሰበሰበ። አባ ኤሊ የተመራቂዎቹን ስም እየጠራ በአንገታቸው ላይ የቅጠል ጉንጉን አኖረላቸው። ከሥራ ጋር ተምራ ከሚዳቋዎቹ እኩል የጨረሰች አንዲት ብቻ ናትና የቡሊት ስም ሲጠራ ጫጫታው በረታ። ቡሊት በሕዝቡ መካከል ዳለቻን ፈለገችው። አልነበረም። እንደሚመጣ ነግሯት ነበር።

ድግሱ ላይ አያ ጅቦ አጥንት እየቆረጠመ ተጠጋት። እንደ አቅሙ በትሕትና ነበር የጠየቃት።

«አንቺ መቼም ሊቅ ሆነሻል። ወንድምሽ መቼ እንደሚወድቅ ንገሪኝ እስቲ። ሁለት ወር ሙሉ ስከተለው እግሬ አለቀ።»

ቡሊት ምን እንደሚል አልገባትም። ጅቡም ጥያቄው ያልገባት መስሎት ቁጭ ብሎ አስረዳት። ዳለቻ የራሱንም የእሷንም ጭነት እንደሚያወጣ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ አቀበቱን እንደሚቧጥጥ፣ ከድሪቶው ሥር የሚንጠባጠበው ነገር እስከ ታችኛው የመንገዱ ጠመዝማዛ ድረስ እንደሚሸት ነገራት። ያልወደቀ መንካት በአንበሳ ሕግ ስለተከለከለ እንጂ፣ ጅቡ ይህን ያህል ታግሶ አያውቅም ነበር። ዛሬም ጠዋት ሲጭኑት አይቶታል፤ ዛሬስ የሚደርስ አይመስለውም።

ቡሊት ከድግሱ ተነሥታ ጉንጉኗ በአንገቷ እንዳለ፣ የመድኃኒት ስልቻዋን አንጠልጥላ ሮጠች። ዳለቻን ያገኘችው በመጨረሻው ጠመዝማዛ ላይ ነው። በጉልበቱ ወርዷል፣ ዝንጀሮዎቹ መጫኛውን እየፈቱለት ነው። ድሪቶውን በጥርሷ ይዛ ቀስ ብላ ስትገልጠው ቆዳው አብሮ መጣ። ከሥሩ አጥንቱ ነጭ ሆኖ ይታያል።

የተማረችውን ሁሉ አደረገች። ግራዋውን አኝካ አጠበችለት፣ ሬቱን አለበሰችው፣ ማሩን ከላይ አፈሰሰችለት። አንዱንም አልሳተችም። ስትሠራ ግን ታውቀዋለች፤ አጥንት የደረሰ ቁስል እንደማይመለስ የተማረችው በሁለተኛው ዓመት ነው። አፏ ጨው ጨው ይላል።

ዳለቻ ዓይኑን ከፈተና ስሟ ተጠርቶ እንደሆነ ጠየቃት። ተጠርቷል አለችው። ሕዝቡ ሰማ ወይ አላት። ሁሉም ሰምቷል አለችው።

«ጋሼ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትተዪው ነበራ።»

አዎን፣ እተወው ነበር ልትለው ፈለገች። እውነት ይሁን አይሁን ግን እሷም አላወቀችም።  ሦስት ቀን ከአጠገቡ አልራቀችም፤ ዝንቡን በጭራዋ እየከለከለች፣ ውሃ በአፏ እያመጣች ጠበቀችው። በአራተኛው ቀን ፀሐይ ስትሞቅ ዳለቻ ራሱን ጉልበቷ ላይ አሳረፈ፣ ከዚያም አላነሣውም። አያ ጅቦ ማዶ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቡሊት ዝንጀሮዎቹን ለምና ወንድሟን ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍራ ቀበረችው፣ ድንጋይም አስከመረችበት። ጅቡ ሕጉ እኮ እንዲህ አይልም እያለ ሄደ።

ከቀብሩ በቀጥታ ወደ ቀበሮ ሄደች። ጭነቴ ተነሥቷል ብለህ አታለልከኝ አለችው። ቀበሮ አልተቆጣም፣ አላፈረምም።

«ይነሣልሻል አልኩ፤ ተነሣልሽ። ማን አነሣው ብለሽ የጠየቅሽኝ ቀን ካለ ንገሪኝ» አላት።

ቡሊት ሁለቱን ዓመት በልቧ ወደ ኋላ ሄደችበት፤ እንደዚያ ብላ የጠየቀችበት ቀን አላገኘችም።

በስምንተኛው ቀን አባ ኤሊ ለልቅሶ ደረሰ። ወሬውን እንደሰማ ነበር የተነሣው፤ መንገዱ ግን ለእሱ ስምንት ቀን ነው። ከጎኗ ተቀመጠ፣ ከዚያ «ልጄ፣ ትምህርቱ እኮ ይጠብቅሽ ነበር» አለና ሌላ ነገር ሳይጨምር አንገቱን ወደ ቅርፊቱ ከተተ።

አንበሳ ዝናዋን ሰምቶ በግቢው ሐኪም ሊያደርጋት አስጠራት። እሷ ከግቢው ይልቅ ጨው ሜዳው ላይ እንዲያስቀምጣት ለመነችው። አንበሳ ለምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ ፈቀደላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድሪቶው ሳይገለጥ፣ ጀርባው ሳይታይ አንድም አህያ አልተጫነም። ቀበሮ ሥራ ይጓተታል ብሎ ቢያማርርም ሰሚ አላገኘም። ቡሊት ብዙ ጀርባ አዳነች። የዳኑት ሊያመሰግኗት ሲቆሙ ግን ወደሚቀጥለው ዞራ ትሠራለች፤ የወንድሟን ስምም ከዚያ ወዲያ ከአፏ የሰማ የለም።

ከዚህ የምንማረው፣ ሥራ ይዘን ለመማር ጊዜ ሲሰጠን ያ ጊዜ ከማን ጀርባ ላይ እንደተነሣ ቀድመን ካልጠየቅን፣ ትምህርት ይጠብቀናል፣ የሚሸከመን ወገን ግን እስክንጨርስ ላይቆየን እንደሚችል ነው።