እስከ ጎረቤቱ ሽምብራ ድረስ ብቻ

«አንድ ገበሬ ነበረ፤ ሐይቅ የሚከስ» አሉ አያ ጓንጉል፣ ስንሻው ጥያቄውን ሳይጨርስ።

ጥያቄውንስ በቃላቸው ያውቁታል። የስንሻው ሚስት የዝና ጨርቄን ማቄን ሳትል እናቷ ቤት ገብታለች። እሱ ደግሞ «ወጡ ጨው በዛበት ከማለት በቀር ምን አደረግኳት? ትናንት ምን አጠፋሁ? ከትናንት ወዲያስ?» እያለ ያገኘውን ሁሉ ያደርቃል። አስታርቁኝ ብሎ የለመናቸው አያ ጓንጉል ጨው የሚለውን ቃል ሲሰሙ ጥርሳቸው መፋጨት ጀምሯል።

«ዝም ብለህ ስማ» አሉት። «መሃል ላይ ጨው ብለህ ብታነሳብኝ ሠርግህ ላይ የመረቅኩህን ምርቃት እመልሰዋለሁ።»

እሳቸውም ቀጠሉ።

ይህ ገበሬ የሚኖረው አንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር ነው። ትልቅ ስልህ፣ አሞራ ከዚህ ዳር ተነስቶ ከዚያኛው ዳር እስኪደርስ ጫጩቶቹ የልጅ ልጅ አይተው ይጠብቁታል። ሐይቁ በየዓመቱ ይሞላል፣ በየዓመቱ ይጎድላል። ክረምት ሲወጣ ሆዱን ነፍቶ ሜዳው ላይ ይጋደማል፤ በጋ ሲገፋ እየከሳ ወደ ኋላ ይሸሻል። ሲሸሽ ጥሎት የሚሄደውን ጥቁር መሬት ባህር ሸሽ ይሉታል። ሽምብራ በትነህበት ዞር ካልክ ቡቃያው ተረከዝህን ይዞ ያስቀርሃል፤ እንዲህ ያለ መሬት ነው።

ደንብ አለው ታዲያ። ውሃው ሸሽቶ ያወጣው መሬት ዳር ላይ የሚያርሰው ሰው ርስት አይደለም። ሽማግሎች ይወርዱና ችካል ተክለው መሬት ላጣ ያድሉታል። ሐይቁ ተመልሶ ሲመጣ መሬቱንም ችካሉንም ይውጣል፤ ሲሸሽ ደግሞ እንደገና ይታደላል። የሚያጣላ ነገር የለውም። ለሚጣላ ሰው ግን ምን ይጠፋል?

አንድ ዓመት ክረምቱ ሳሳ። በጋው ሲመጣ ሐይቁ ሰው አይቶት የማያውቀውን ያህል ሸሸ፤ ዓሣው እንኳ ስንቁን ቋጥሮ አገር ሊለቅ ሲሰናበት ተሰምቷል። ከገበሬያችን ማሳ ግርጌም አዲስ መሬት ወጣ። ሽማግሎቹ መጡና ባሏ ለሞተባት ጎረቤቱ ሰጧት።

ገበሬው አበደ። «ከእኔና ከውሃዬ መሃል ሰው ገባ!» አለ። እስከዚያ ቀን ከብቶቹ ከበረት ወጥተው ቀጥ ብለው ወርደው ይጠጡ ነበር። አሁን መዞር ሊኖርባቸው ነው። ሴትዮዋ ደግሞ አንገቷን ደፍታ የምታልፍ ዓይነት አልነበረችም። ሽምብራዋን ዘርታ ጠዋት ጠዋት ማሳዋ ጫፍ ላይ ትቆምና «አያ፣ ከብቶችህን በዳር በኩል አሳልፋቸው! ሽምብራዬ መንገድ አይደለም!» ትለዋለች። ቃሏ እንደ ቁንጫ ቀኑን ሙሉ ሰውነቱ ላይ ይዞራል።

እንዲህ ሲበግን ከረመና አንድ ቀን ሐይቁ የሚወጣበት አፍ ትዝ አለው። ብዙ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ከሐይቁ የሚወጣው ግን በአንድ ቦታ፣ በሁለት ቋጥኝ መሃል ነው። በበጋ ፍየል የምትዘለው ጠባብ በር ነው። «ይህን በር ብደፍነው ውሃው ትንሽ ይመለሳል» ብሎ አሰበ። «ብዙ አልፈልግም። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። እስከ ጎረቤቴ ሽምብራ ድረስ ብቻ።»

ሐይቁን ልብ በል፤ ለልጓም እንደሚታዘዝ በቅሎ፣ እዚህ ድረስ ና፣ እዚህ ጋ ቁም ሊለው ነው!

ሰው ሳያየው ሄደ። አሮጌ ሞፈሩን በሁለቱ ቋጥኞች መሃል አጋደመ፣ በጠፍር ጠፈረው፣ ድንጋይ ከመረበት፣ በጭቃ መረገው። ያን ያህል ድንጋይ ለቤተ ክርስቲያን አጥር ተሸከም ቢሉት ወገቤ ብሎ በቃሬዛ ይወሰድ ነበር። ለክፋት ጊዜ ግን ወገብ ትዝ አይልም። ሲጨርስ እጁን ታጠበና ማሳው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሽምብራው ሲሰጥም ለማየት ጠበቀ።

ሐይቁ ወረደ።

«ምን?» አለ ገበሬው። ዘግቶታል እኮ! በማግስቱም ወረደ። በሳምንቱም ወረደ። ፀሐይ ናታ! የእሱን ድንጋይ ማን ነገራት? ከላይ ሆና እንደ ሠርገኛ እየጠጣች ነው። ያ ሁሉ ውሃ በታች በኩል ቢዘጋ በላይ በኩል ይሄዳል። የሴትዮዋ ሽምብራ አበበ፣ አፈራ፣ ታጨደ። ገበሬው ምራቁን ጢቅ አድርጎ ወደ ቤቱ ገባ፤ ድንጋዩንም ረሳው። ሰው ያበደረውን ቁና እስከ ልጅ ልጁ ያስታውሳል፤ ያስቀመጠውን እንቅፋት ግን ዞር ሲል ይረሳዋል።

ክረምት ገባ። ያ ደግሞ ክረምት ነበር ብለህ ነው! እንቁራሪት እንኳ ደረቅ ቦታ ፍለጋ ሰው ቤት ደጃፍ ላይ «ቤቶች!» ትል ነበር። ከዚያ መስከረም ጠባ፣ ሰማዩ ጠራ፣ አደይ ፈነዳ፣ ዝናቡ ቆመ። ገበሬውም «ተመስገን፣ ሐይቁ አሁን ይሸሻል» አለ።

ሐይቁ ወጣ።

ደመና የለም፣ ጠብታ የለም፣ ውሃው ግን ቀስ እያለ ይመጣል። የሴትዮዋን ባዶ መሬት ሸፈነው፤ እሱስ የየዓመት ልማዱ ነው፣ እሷም ሽምብራዋን ጎተራ ከታ ተቀምጣለች። የእሱን ማሳ ግን ደርሶበት አያውቅም ነበር። ዘንድሮ ገባና አረንጓዴ ጤፉን ከሥሩ ይልሰው ጀመር። የዓመት ጉርሱ ያ ጤፍ ነው። ሌላ የለውም። ሚስቱና ልጆቹ የሚበሉት እዚያ ላይ ቆሟል፤ ቆሞም ይሰጥማል።

መጀመሪያ የከሰሰው ጉማሬዋን ነው። «ይህች እንስሳ ከልክ በላይ ወፍራለች» ብሎ ሽማግሎቹ ፊት ቆመ። «እሷ ስትገባ ውሃው ይወጣል። ገንቦ ውስጥ ድንጋይ ጣሉና እዩ!» ሽማግሎቹ ተያዩ። «እና ምን እናድርጋት? እንድትጾም እንንገራት?» አሉት። ቀጥሎ ባለታንኳውን ከሰሰ፤ ዓሣ የሚያጠምድ ጎረምሳ ነው፣ ያችም ታንኳ የደንገል እስር ናት፣ ዳክዬ ቢያስነጥሳት የምትገለበጥ። «ቀኑን ሙሉ እየተጫነ ውሃውን ወደ እኔ ይገፋዋል!» አለ። ሽማግሎቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤታቸው ገቡ፤ በሌላ ጊዜ እስከ ማታ የሚያወጉ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ደገኞቹን ያዘ። «ከላይ የሚለቅብኝ አለ!» ብሎ ዱላውን ይዞ ወንዙን ሽቅብ ተከትሎ ተራራ ወጣ። አንድ ደገኛ እርሻው ውስጥ ቦይ ሲቆፍር አገኘና ጮኸበት። «ዝናብ ቆሟል! ታዲያ ይህን ውሃ ከየት እያመጣችሁ ነው የምትደፉብኝ?»

ደገኛው ዶማውን ተደግፎ ከላይ እስከ ታች አየው። «ወንድሜ፣ ይሄ የሐምሌው ነው» አለው። «መሬቱ ጠጥቶት ቆይቶ አሁን ይተፋዋል። እኔስ ሰልችቶኝ ቦይ እየቀደድኩለት አይደል? ሰማዩን ተወውና እግርህን እይ።»

ገበሬው እግሩን አየ። ፀሐይ ጭንቅላቱን እየጠበሰችው ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ከየሣሩ ሥር ይንጠባጠባል፣ ይንጠባጠብና ቦይ ይሆናል፣ ቦዩ ወንዝ፣ ወንዙም ቁልቁል ወደ እሱ ጤፍ። ተራራው ሁሉ እንደ ተነከረ ጋቢ ነው።

ከዚህ በኋላ ማንም ሰው አርፎ ይቀመጣል፤ እሱ ግን ሲመለስ መንገዱን ሁሉ አጉረመረመ። «እሺ፣ ደጋው ይልካል። ካቻምናም ልኳል። ካቻምና ጤፌን አልነካም! የሚገባው ይግባ፤ መውጫው ግን ምን እየሠራ ነው? ያ ሰነፍ አፍ ተኝቷል!» አፉን ሊገርፈው ቆረጠ። አዎ፣ በዱላ ሊገርፈው! እስከዚያ የሚያደርሰው ታንኳ ግን የለውም፤ ስለዚህ የከሰሰውን ባለታንኳ ሄዶ ለመነው።

«አያ፣ ታንኳዬ ብቻዋን ሐይቁን ካስነሳችው፣ አንተ ስትጨመርባትማ የኖኅ ውሃ ነው የሚሆነው» አለው ጎረምሳው። ቢሆንም ጫነው።

በቋጥኞቹ መሃል ሲደርሱ ውሃው የሚወጣበት ቦታ ጠፋቸው። ግድግዳ ቆሟል። ጎርፍ ያመጣው ደለል ተለስኖበት፣ ተንሳፋፊ አረም ተጠላልፎበት፣ ደንገል በቅሎበት፣ ውሃው በላዩ እንደ እንባ ብቻ ይንጠባጠባል። ገበሬው ሊመታው ዱላውን አነሳ። ጎረምሳው ግን በመቅዘፊያው አረሙን ገለጥ አደረገና ከሥር የተጋደመ ሞፈር አየ። ሞፈሩ በጠፍር ታስሯል፤ ቋጠሮው ወደ ግራ የዞረ ነው።

በዚያ አገር አንድ ግራኝ ብቻ ነበር።

ጎረምሳው ቋጠሮውን ደባበሰ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ «አያ፣ ዱላውን በየትኛው እጅህ ነው የያዝከው?» ብሎ ጠየቀው።

ገበሬው ዱላውን ወደ ቀኙ አዛወረ።

አንድ ዳክዬ ብቻ ሳቀች ይባላል። ገበሬው እዚያ ቆሞ በጋውን፣ ድንጋዩን፣ የታጠበውን እጁን አስታወሰ፤ የሚሰጥመውንም ጤፍ። ከዚያ ዱላውን ወረወረና ልብሱን አውልቆ ገባ። የራሱን ቋጠሮ በራሱ ግራ እጅ ሲፈታ ጥፍሩ ተነቀለ። ያመጣውን ድንጋይ አንድ በአንድ አወጣው፤ ድንጋዩም እሱ ካመጣው ይልቅ ከብዷል፣ ያልጋበዘው ሁሉ ተጣብቆበታልና። በመጨረሻ ውሃው አጓርቶ በሩን ጥሶ ወጣ።

በማግስቱ ማለዳ ማሳው ጋ ሮጠ። ውሃው እዚያው ነው። «አውጥቼልህ የለም እንዴ!» ብሎ ሐይቁ ላይ ጮኸ። «ድንጋዩን አውጥቻለሁ! ምን ትጠብቃለህ?» ሐይቁ ምን ይበለው? ያን ያህል ውሃ በዚያች በር ተሰልፎ እስኪያልፍ፣ ፀሐይም የድርሻዋን እስክትጠጣ ጊዜ ይፈልጋል። ኅዳርም ታኅሣሥም አለፈ። ጤፉ በሰበሰ። አልዋሽህም፣ ጤፉ አልተመለሰለትም።

ጥር ላይ ባህር ሸሹ ሲወጣ ገበሬው የሚዘራው አልነበረውም። ጎተራዋ ሽምብራ የያዘ አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ማን እንደሆነች ታውቃለህ። ባዶ ስልቻውን ይዞ ከደጇ ቆመ። እሷ ሁሉን ሰምታለች፤ አገሩ ሁሉ ሰምቶ የለ።

«ዘንድሮ ከብቶችህ በየት በኩል ነው የሚያልፉት?» አለችው።

«በዳር በኩል» አላት።

ቁናዋን አንስታ ወደ ጎተራው ገባች።

አያ ጓንጉል ተረታቸውን ጨረሱና ስንሻውን አዩት። «ገባህ?»

«ገብቶኛል፣ አያ» አለ ስንሻው። «ሐይቁ እኔ ነኝ።»

«ኤዲያ!» አያ ጓንጉል ከዘራቸውን መሬት ላይ ጠረቁት። «ምን ዓይነት ራስ ነው የሰጠህ! ሐይቁ የዝና ናት! አንተ ያ ግራኝ ነህ! ትናንት ምን አደረግኳት ትለኛለህ። ሐይቅ በትናንት ዝናብ አይሞላም! ስንት ወንዝ ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ምን ያህልስ ተጠራቀመ ነው ነገሩ። አንተ ጠርቶ ያየኸው ሰማይ ሥር ተራራው ሲንጠባጠብ ከርሟል። ጨው አልክ! ጨውማ እንደዚያ ሐይቅ መስከረም ነው፤ ዝናቡ ቀድሞ ዘንቧል። ግንቦት ላይ የአባቷ ተዝካር ነበር፤ በሬዬን ማን ያይልኛል ብለህ ያስቀረሃት አንተ ነህ። እኔ እዚያ ተቀምጬ ነበር፤ የአባቷን ስም ሲጠሩ የሁሉም ዓይን ባዶ ቦታዋን ነው ያየው። ይሁን፣ ይህም አንድ ዝናብ ነው፤ ሐይቅ ዝናብ ይችላል። ከዚያ ወዲህ ግን አባቷን ባነሳች፣ እንባዋ በመጣ ቁጥር ‹ደግሞ ጀመረሽ› አልካት። ደግሞ ጀመረሽ! መውጫዋን ደፍነህ፣ እጅህን ታጥበህ፣ ውሃው ከየት መጣ ብለህ ጉማሬ ትከሳለህ።»

ስንሻው አንገቱን ደፋ። «አላስታወስኩትም ነበር» አለ።

«ግራኙም አላስታወሰውም» አሉት፤ ድምፃቸው ትንሽ በረደ። «ሂድና በእጅህ አውጣው። የአባቷን ነገር ራስህ አንሳላት፤ ስታለቅስም ቁጭ ብለህ ስማ። ነገ ጠዋት ተመልሰህ ‹ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ለምን አልሳቀችም› ብትለኝ ግን ይህ ከዘራ ምስክሬ ነው።»

ስንሻው ጋቢውን ሰብስቦ ተነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። «አያ፣ ምን ያህል ይቆያል?»

«ሐይቅ ሲሸሽ ቆመህ አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«አይታይማ» አሉ አያ ጓንጉል። «ቆመህ ብታፈጥበት ያለ ይመስልሃል። ሥራህን ትሠራለህ፤ አንድ ጠዋት ስትወርድ ያምናው ችካል ጫፉ ብቅ ብሎ ታገኘዋለህ።»