ተኝተን ነው የምንጫነው

አንድ ጊዜ፣ ጨው በአህያ ጀርባ ከቆላ ወደ ደጋ በሚወጣበት ዱር፣ ዳልቻ የምትባል አህያ ነበረች። የዱሩ ንጉሥ አንበሳ ነው፤ የጨው ጉዞው አለቃ ደግሞ አያ ጅቦ። አያ ጅቦ ለእያንዳንዱ አህያ ሃያ ሃያ አሞሌ ጨው ያስጭናል። ለጎረምሳው ሃያ፣ ለሽማግሌው ሃያ፣ ላረገዘችውም ሃያ። ጦጣዎች አህያውን አቁመው ግራና ቀኙን እኩል ይጭኑና በመጫኛ ጥፍር አድርገው ያስሩታል። ዳገቱ ላይ የወደቀ አህያ የአያ ጅቦ ነው። ይህን ማንም አልፈቀደለትም፤ ግን የከለከለውም አልነበረም።

ዳልቻ አርግዛ ነበር። ዓምናም አርግዛ፣ ዳገቱ ላይ ከነጭነቷ ስትንገዳገድ አስወርዷታል። ከዚያ ወዲህ ስንት እርምጃ ስትሄድ ጉልበቷ መንቀጥቀጥ እንደሚጀምር ትቆጥራለች። ቁጥሩ በየሳምንቱ ያንሳል። ለማንም ግን አልተናገረችም። «ሌሎቹ ዝም ብለው ይሸከማሉ፤ ምናልባት ሰነፏ እኔ ነኝ» እያለች ራሷን ትጠረጥር ነበር።

በዚያ ዓመት የጎረቤት ዱሮች ተሰብስበው ስለ ሸክም ቃል ኪዳን ገቡ። ቃል ኪዳኑን ካልተቀበለ ዱር ጨው እንደማይገዙም አስታወቁ። አንበሳ ይህን ሲሰማ ገስግሶ ሄደና መዳፉን አሳረፈበት። አገር ላገር የምትዞረው ሽመላ ብራናውን ይዛ መጥታ በሁሉ ፊት አነበበች፤

«ተሸካሚ ሁሉ ተኝቶ ይጫን። ማንም ሳይጎትተው ራሱ ችሎ የተነሣበት፣ እሱ ጭነቱ ነው። መነሣት ካቃተው እስኪነሣ ድረስ ይቀነስለት።»

አንበሳ አገሣ፤ ዱሩ እልል አለ። ብራናው ዋርካው ላይ ተሰቀለ። በማግስቱ አህዮቹ እንደ ወትሮው ቆመው ሃያ ሃያ ተጫኑ።

ዳልቻ አጠገቧ ወዳለው ሽማግሌ አህያ ወደ ቦራ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ ተኝቶ ነው ያለችው ወይስ ቆሞ? ተሳስቼ ይሆን?»

«አልተሳሳትሽም፣ ልጄ። ግን ጆሯችን የረዘመው ሕግ እንድንሰማበት መሰለሽ? እንዲይዙን ነው።»

ዳልቻ በዚህ አልረካችም። ወደ ዋርካው ሄዳ ሽመላን ሦስት ጊዜ አስነበበቻት። ሦስቱንም ጊዜ «ተኝቶ» ይላል። ከዚያ ወደ አያ ጅቦ ሄደች። አያ ጅቦ አጥንት ይቆረጥማል፤ ሕግ ተርጓሚው ቀበሮ አጠገቡ ተቀምጧል።

«አያ ጅቦ፣ ቃል ኪዳኑ ተኝታችሁ ተጫኑ ይላል።»

አያ ጅቦ ወደ ቀበሮ ዞረ። «ይላል እንዴ?»

«ይላል» አለ ቀበሮ። «ነገር ግን የሚለው ስለ ተሸካሚ ነው። እናንተ እኮ ተሸካሚ አይደላችሁም፣ እመት ዳልቻ። የአያ ጅቦ ቤተሰብ ናችሁ። በቤተሰብ መካከል ሕግ መጥቀስ ነውር ነው።»

«ቤተሰብ ነን?»

«ሥጋዬ ናችሁ» አለ አያ ጅቦ፣ አፉን እየጠረገ።

«እንግዲያው አክስቴ ዳገቱ ላይ የወደቀች ዕለት ለቀብር ነው የመጣኸው ለምሳ?»

አያ ጅቦ ትንሽ አሰበ። «ለሁለቱም።»

ቀበሮ ጣልቃ ገባ። «ለማንኛውም ሃያ አሞሌ ቀላል ነው። ሌሎቹ ችለው አንቺን ካቃተሽ፣ ጉድለቱ የሕግ አይደለም፤ ያንቺ ነው።»

ይህ ንግግር ልቧ ውስጥ የኖረው ጥርጣሬ ራሱ ነበር። አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። ግን ነገሩን ሳታጣራ መቀመጥ ስለማይሆንላት ከአህያ ወደ አህያ እየሄደች «ጉልበትህ መንቀጥቀጥ የሚጀምረው የት ላይ ነው?» ብላ ጠየቀች። አንዷ ከጅረቱ ማዶ አለች። አንዱ ከቁልቋሉ ሥር አለ። ሁሉም መልሱን የሚናገሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ እያንዳንዱ ሰነፉ እሱ ብቻ ይመስለው ነበርና።

«እኔ ገና ዳገቱ ሳይጀምር» አለ ቦራ። «እንዲህ ከሆንኩ ሰባት ዓመቴ ነው። ለማንም ተንፍሼ አላውቅም።»

«ነገ ተኝቼ እጠብቃቸዋለሁ» አለች ዳልቻ።

«ይበሉሻል።»

«ዳገቱ ላይም ይበሉኛል፣ ጋሼ። እዚህ ቢሆን ቢያንስ ሳልደክም ነው።»

ማለዳ ጦጣዎቹ አሞሌውን ይዘው ሲመጡ ዳልቻ በሚጫኑበት ሜዳ መሐል ተኝታለች።

«ተነሺ እንጂ እቴ፣ ረፈደ» አሏት።

«ጫኑኝ። ተኝቼ ነው የምጫነው።»

እየሳቁ ሃያውን ጫኑባት። ዳልቻ ለመነሣት በሙሉ ኃይሏ ሞከረች፤ አላታለለችም። ጉልበቷ ከመሬት አልለቀቀም።

«አልቻልኩም። ቀንሱልኝ።»

አያ ጅቦ እየሮጠ መጣና ጅራቷን ያዘ። ይህን ጊዜ ቦራ ሽማግሌ አጥንቱን እያንቋቋ ጎኗ ተኛ። ከእሱ ቀጥላ አንዷ ተኛች፤ ከዚያ ሌላው። ጥቂት ቆይቶ ሠላሳ ስምንት አህያ ሜዳውን ሞላው። አያ ጅቦ ይህን ያህል የወደቀ አህያ በአንድ ጊዜ አይቶ ስለማያውቅ፣ ከየትኛው እንደሚጀምር መምረጥ አቅቶት ምራቁን እየዋጠ ቆመ። ቀበሮ ግን ሮጦ አንበሳን ጠራው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ አንበሳ።

«ሕግዎ ነው፣ ጌታዬ» አለች ዳልቻ ከተኛችበት።

«እኔ መዳፌን ያሳረፍኩት ጨዌን እንዲገዙኝ እንጂ እናንተ እንድትተኙ አይደለም።»

«መተኛታችን ብራናው ላይ ተጽፏል፤ የጨውዎ ነገር ግን አልተጻፈም። ሦስት ጊዜ አስነብቤያለሁ።»

«ብበላሽስ?»

ዳልቻ ሆዷ ውስጥ ያለውን አሰበች፤ ግን ከተኛችበት አልተነሣችም። «ይችላሉ። ሠላሳ ሰባቱም እዚሁ ተኝተዋል። ከዚያ በኋላ ጨውዎን ዳገት የሚያወጣው አያ ጅቦ ይሆናል።»

አንበሳ ወደ አያ ጅቦ ዞረ። «ሃያ አሞሌ ቀላል ነው ስትሉ ሰምቻለሁ።»

«እንደ ላባ ነው፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ተኛ።»

ጦጣዎቹ በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን ፈጥነው ጭነው አያውቁም። በስድስተኛው አሞሌ አያ ጅቦ እግሮቹን አንፈራጠጠ። በዘጠነኛው ምላሱ ወጣ። በአሥራ ሁለተኛው ላይ «ጌታዬ፣ እኔ እኮ ቤተሰብ ነኝ» አለ። ቀበሮ «እኔ ተርጓሚ እንጂ ተሸካሚ አይደለሁም» እያለ ከዋርካው ጀርባ ገባ።

አንበሳ ወደ ዋርካው ቀና ብሎ አየ። ሽመላ ከዋርካው ጫፍ ቁልቁል ታያለች፤ ነገ የጨው ገዢዎቹ ዱር ነው የምታርፈው።

«ቀንሱላት» አለ በመጨረሻ፣ ፊቱን አዙሮ።

አንድ በአንድ ቀነሱላት። በአሥራ ስድስት ሞከረች፤ አልሆነም። በአሥራ ሁለት ሞከረች፤ ግማሽ ተነሥታ ተመልሳ ወደቀች። በአሥራ አንድ የፊት እግሮቿን ዘረጋች፣ በኋላዎቹ ገፋች፣ ቆመችም።

«አሥራ ሁለቱንም ትችል ነበር፤ ታታልላለች» አለ አያ ጅቦ ከተጫነበት ሥር።

«አሥራ ሁለቱን ሞክሬዋለሁ» አለች ዳልቻ። «ልኬ አሥራ አንድ ነው።» ይህን ስትናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን አልተጠራጠረችም።

ቦራ በስምንት ተነሣ። አንድ ጎረምሳ በሃያ ተነሣና ሁሉም ሲያየው አፍሮ አንገቱን ደፋ።

አንበሳ ሊሄድ ሲል ዞር አለ። «ዛሬስ ሆነ። ነገም ልትተኙ ነው?»

«ነገም፣ ጌታዬ። ከነገ ወዲያም።»

ጉዞው ዳገቱን ጀመረ። ዓምና የተንገዳገደችበት ድንጋይ ዘንድ ስትደርስ ሆዷ ውስጥ ያለው ውርንጭላ ጎኗን ረገጣት። ዳልቻ እርምጃ መቁጠሯን ተወችና ወደ ላይ ቀጠለች።

ከዚህ የምንማረው ንጉሥ መዳፉን ያሳረፈበት ሕግ እንኳ ዛፍ ላይ እንደተሰቀለ ሊደርቅ እንደሚችል፣ ወደ መሬት የሚያወርዱትም ሸክሙ የከበዳቸው ራሳቸው፣ ያውም አብረው ሲተኙ መሆኑን ነው።