የቄሳር ቤት ችቦ

በአንድ ወቅት፣ ቄሳር የነገሥታት ማዕረግ ከመሆኑ በፊት፣ በሮም የአንድ ቤት ስም ነበር። ከዚያ ቤት የተወለደ አንድ ንጉሥ ግን ክፉ ወጣውና ሕዝቡ ገደለው፤ ስሙንም ከየግድግዳው ፋቀው። ዓመታት አልፈው የቤቱ የመጨረሻ ሽማግሌ ኑሜርዮስ ሲያርፍ፣ ልጁ ቴርቲያ የበራ ችቦ ይዛ ሬሳው አጠገብ ቆመች።

በሮም ደንብ ሬሳ በእሳት ይሸኛል። እንጨቱን የሚለኩስ ወንድ ልጅ ነው፤ የለኮሰም የቤቱን ስም ይወርሳል። ለቴርቲያ የተረፈላት፣ እንደ ልጅ ሊለኩሱ ከመጡ ሦስት ወንዶች ችቦውን ለአንዱ መስጠት ብቻ ነው። አባቷን እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምትወደው፤ እንዳትሳሳት ፈራች።

ወንድሟ ሉኪልዮስ ቀረበ። ኑሜርዮስ በጎልማሳነቱ፣ የሮም መኳንንት እንደሚያደርጉት፣ ያለውን አንድ ወንድ ልጅ፣ እሱን፣ መካን ለሆነ ወዳጁ በልጅነት ሰጥቶ ነበር። «ሌላ እወልዳለሁ» ብሎ! ከዚያ በኋላ የተወለደችው ቴርቲያ ብቻ ናት። ሉኪልዮስ በባዕድ ስም አደገ። ዘር ከልጓም ይስባል፤ ክፉው ንጉሥ በተገደለ ሰሞን ወታደሮች «የቄሳር ዘር የታለ?» እያሉ ሲያስሱ፣ ማንም ቄሳርነቱን ሳያውቅ «እኔ ነኝ» ብሎ ወጣ። የወለደው አባቱ ተረፈ፤ እሱ ከእስር የተመለሰው ፀጉሩ ነጥቶ ነው።

ፊሌሮስም ቀረበ። ኑሜርዮስ ነጻ ያወጣው ባሪያ ነበር፤ በሮም ነጻ የወጣ ባሪያ ደግሞ የጌታውን ስም ይይዛል። ቄሳር የተባለ ሁሉ በድንጋይ በሚወገርበት ዘመን ኑሜርዮስ «ስምህን ቀይርና ኑር» ቢለው፣ «ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት፣ አልጥለውም» አለ። ሽማግሌውን አዝሎ ገጠር አሸሸው። ጥርሱ ሲረግፍ ገንፎ እያበረደ አጎረሰው፤ ሲሞትም ዓይኑን የከደነው እሱ ነው።

ሦስተኛው አዲሱ ንጉሥ ነው፤ የተራ ወታደር ልጅ፣ ከዚያ ቤት አንዲት ጠብታ ደም የሌለው። በነገሠ ዕለት «ቄሳር በሉኝ» ሲል አማካሪዎቹ ደነገጡ። እሱ ግን እስረኛ ፈታ፣ የተራበ አበላ፤ የተረገመው ስም መማጸኛ ሆነ። ኑሜርዮስም ወደ ቤቱ የተመለሰው ያኔ ነው። ንጉሡ ያለ አጃቢ በእግሩ መጥቶ፣ «እመቤቴ፣ የአባትዎን ስም ሳላስፈቅድ ወስጃለሁ። ልጅ ሆኜ ልሸኛቸው» አላት።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ግን በማን ላይ ይዋል? ቴርቲያ ሦስቱንም እያየች አለቀሰች፤ ሦስቱንም ወደደቻቸው። ችቦው ነዶ ጣቷ ጋ ደርሷል። እናንተ ብትሆኑ ለማን ትሰጡት ነበር?