የኤርሲዶ ልጅ ስም

በአንድ ወቅት፣ በሀዲያ ምድር፣ ከተራራ ጎን ድንጋይ እየፈለጡ የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። ከክረምቱ በኋላ ድንጋይ በሚፈልጡበት ካባ አናት ላይ ስንጥቅ ታየ። ፈላጮቹ ለሥራ አለቃቸው ለካፖው ነገሩት። ካፖው ቀና ብሎ አየና፣ መኪናው ጭነት እየጠበቀ ነው ብሎ ወደ ውስጥ አስገባቸው። ምሳ ሳይደርስ ገደሉ ተናደ።

ከሥር ከነበሩት በሕይወት የወጣው ኤርሲዶ የሚባል ሰው ብቻ ነበር። ስለታም ድንጋይ ጉሮሮውን መትቶት ስለነበር ሐኪሞች ነፍሱን አተረፉለት እንጂ ድምፁን ማትረፍ አልቻሉም። እሱ ገና ተኝቶ ሳለ የካባው ባለቤት ለፖሊስ ቃሉን ሰጠ። ካባው ዝግ ነበር፤ ሰዎቹ የገቡት ድንጋይ ሊሰርቁ ነው አለ። ካፖውም እንደዚሁ መሰከረ። ወሬው ከሬሳዎቹ ቀድሞ መንደር ደረሰ። ቀብሩ ላይ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር፤ ልጆቻቸውም ውሃ ሊቀዱ ሲሄዱ የሌባ ልጅ ይባሉ ጀመር።

እውነቱን የሚያውቀው ኤርሲዶ ነው፤ ኤርሲዶ ደግሞ መናገር አይችልም። መጻፍም አይችልም። በልጅነቱ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ ነበር፤ የቀመሳትን ፊደል ግን ረስቷታል። ሚስቱ ኤርጎጌ ውሃ ሲፈልግና ሲያመው ከእጁ ምልክት ትረዳዋለች። ስለ ካባው ሊነግራት ሲሞክር ግን እጁ ዝም ብሎ ይወራጫል። አልገባኝም ስትለው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

መጀመሪያ የደረሰለት መምህር ላምቤቦ ነው። ላምቤቦ በቀበሌው ትምህርት ቤት ለትንንሾቹ ሀዲይኛ ማንበብና መጻፍ ያስተምራል። የትምህርት ቤቱን ጣራ ቆርቆሮ ያለበሰው የካባው ባለቤት ስለሆነ፣ ርዕሰ መምህሩ እዚያ ቤት እንዳትደርስ ብሎ አስጠነቀቀው። ላምቤቦ ሰሌዳውን ታቅፎ ሄደ። ሰው መጀመሪያ መጻፍ ያለበት በሚያልምበት ቋንቋ ነው ብሎ ያምን ነበር። ኤርሲዶ ሊያወጣው የማይችለውን ድምፅ ላምቤቦ ያወጣለታል፤ ኤርሲዶ ደግሞ ፊደሉን ይጽፋል። ወራት ፈጀባቸው። በገዛ እጁ የጻፈው የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር «ጓደኞቼ ሌቦች አይደሉም» የሚል ነበር። ሲነበብላት ኤርጎጌ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። በዚያው ሰሞን ላምቤቦ ከሥራው ተባረረ።

ኤርሲዶ ያየውን በሀዲይኛ ጽፎ ፍርድ ቤት ቀረበ። የፍርድ ቤቱ ቋንቋ አማርኛ ነውና አስተርጓሚ ቆመ። አስተርጓሚው የካባውን ባለቤት ይፍራው ወይም ይውደደው አይታወቅም፤ ብቻ «ካፖው አስገባን» የሚለውን «ገባን» ብሎ አነበበው። ኤርሲዶ አማርኛ አይጽፍም እንጂ ይሰማል። ተነሥቶ ጠረጴዛውን በጡጫ ደበደበ። ፖሊሶች ችሎት ደፈረ ብለው አንጠልጥለው አስወጡት። ላምቤቦ ከኋላ ሆኖ ትርጉሙ ተሳስቷል ቢል፣ አንተ ምስክር አይደለህም ተባለ።

ከዚያ ኤርሲዶ ራሱ ወይዘሮ የሺመቤት ቤት ሄደ። ወይዘሮ የሺመቤት ዕድሜያቸውን በሙሉ በከተማው አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ስህተት የማያሳልፉ ሴት ናቸው። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ እሱም የካባውን መኪና ይነዳል። ኤርሲዶን ከደጃፋቸው ቆሞ ሲያዩት የመጣበት ገባቸው።

«ዳኛው በሚያነበው ቋንቋ ካልጻፍክ፣ ዕድሜህን በሙሉ በሰው አፍ ትኖራለህ» አሉት፤ አስገቡትም።

ቃል ይነግሩታል፣ ይጽፋል፤ በቀይ ይሰርዙታል፣ እንደገና ይጽፋል። «ካፖው ገባን» ብሎ የጻፈ ዕለት ወረቀቱን ከእጁ ነጠቁት።

«ገባን ካልክ በራሳችሁ እግር ገባችሁ ማለት ነው። ሙታኑን አንተም ሌባ አደረግካቸው። አስገባን በል።»

ኤርሲዶ ያችን ቃል ገጽ እስኪሞላ ጻፋት። የወይዘሮ የሺመቤት ልጅ እንጀራዬን ልትዘጊብኝ ነው፣ ወይ እኔን ወይ እሱን ምረጪ አላቸው። እናትየው ትምህርቱን አላቋረጡም። ልጁ ልብሱን ሰብስቦ ወጣ፤ እስከ ዛሬም የት እንዳለ አያውቁም።

ሁለተኛው ጽሑፍ ጥርት ያለ አማርኛ ነበር፤ ግን ፍርድ ቤቱን አላረካም። ለቅሶው፣ ቁጣው፣ የሟቾቹ ደግነት፣ የስንጥቁ ነገር አንድ ላይ ተዘበራርቋል። ዳኛው ካፖው ተናገረ የተባለው ገደሉ ከመናዱ በፊት ይሁን በኋላ ለይተው ማግኘት አቃታቸውና ቀጠሮ ሰጡ። የካባው ባለቤት ጠበቃም ይህ የሐዘን እንጉርጉሮ እንጂ ምስክርነት አይደለም አለ።

በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ጃንጥላ ተክሎ በታይፕ ማመልከቻ የሚጽፍ ሸምሱ የሚባል ሰው ነበር። ኤርሲዶ ወረቀቱን ሰጠውና ጻፍልኝ ብሎ በእጁ ለመነው። ሸምሱ አንብቦ መለሰለት።

«እኔ ከጻፍኩት የሸምሱ ቃል ይሆናል። አንተ ጻፍ፣ እኔ ልጠይቅህ።»

ከዚያ በኋላ ሥራው መጠየቅ ብቻ ሆነ። ፊደል ቢሳሳት አያርመውም። ይህን አየህ ወይስ ሰማህ? ካፖው የት ቆሞ ነበር? ማን ምን መለሰለት? ከዚያስ? ኤርሲዶ የጻፈውን ይሰርዛል፣ ይቀድዳል፣ ያስቀድማል፣ ያስከትላል። አላስታውስም ብሎ የጻፈ ጊዜ ሸምሱ ወደ ካባው ወስዶ ከተናደው ገደል ሥር አቆመው። ኤርሲዶ እዚያ ተንቀጥቅጦ ወደቀ። ሸምሱ አነሣውና ያንኑ ጥያቄ ደገመለት። ጥቂት ሰንብቶ የማይታወቁ ሰዎች መጥተው ታይፑን ሰባበሩት፤ የሸምሱንም ጣቶች በድንጋይ ቀጠቀጧቸው። እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ መጠየቁን ቀጠለ።

በመጨረሻው ቀጠሮ ጠበቃው፣ ጽሑፉ የሌሎች ሰዎች ሥራ ነው ብሎ ተከራከረ። ዳኛው እዚሁ ፊታችን ይጻፍ ብለው አዘዙ። ኤርሲዶ ተቀምጦ ጻፈ። ጸሐፊዋ ስታነበው እዚህም እዚያም ስህተት ነበረበት። ነገር ግን ስንጥቁ በቦታው፣ ካፖው በቆመበት፣ የእያንዳንዱ ሟች የመጨረሻ ቃል በተራው ተቀምጧል። «አስገባን» የምትለዋም ነበረች። ጠበቃው ያችን ቃል ይዞ ተነሣ።

«ይህን ቃል ማን አስተማረህ?»

ኤርሲዶ አጎንብሶ ጻፈ፤ ጸሐፊዋ አነበበች። «ቃሉን አስተማሪዬ። ነገሩን ካፖው።»

ባለቤቱና ካፖው ተፈረደባቸው፤ የሟቾቹም ስም ጸዳ። ኤርጎጌ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከችሎት መልስ ላምቤቦ፣ ወይዘሮ የሺመቤትና ሸምሱ ኤርሲዶ ቤት ተቀምጠው ሳለ፣ በሀዲይኛና በአማርኛ ጽፎ አሳያቸው፦ «ድምፄን የመለሰልኝ ሰው ለልጄ ስም ያውጣ።» የትኛችን ነን ብለው ጠየቁት። ሦስቱንም በየተራ አያቸውና ፈገግ ብሎ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ልጁ ሲወለድ ይነግረናል ብለው ተዉት።

ለልጁ መወለድ አልደረሰም። ኤርሲዶ ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ ተገድሎ ተገኘ። ቀኝ እጁን ቆርጠውታል። ገዳዩ አልተያዘም።

ኤርጎጌ ሴት ልጅ ወለደች። ሽማግሌዎች ስለ ስሙ ተሰበሰቡ፤ ሦስቱም መጡ።

ላምቤቦ እንዲህ አለ፦ «በራሱ ቋንቋ ያልጻፈ በሰው ቋንቋ አይጽፍም። እጁን የፈታሁት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ የሺመቤት እንዲህ አሉ፦ «በራሱ ቋንቋ የጻፈውን ሌላ ሰው አጣመመው። ከዳኛው ጆሮ ያደረስኩት እኔ ነኝ።»

ሸምሱ እንዲህ አለ፦ «ሁለት ቋንቋ ይዞ ሲጮህ የሰማው አልነበረም። ጩኸቱን ነገር ያደረገው የእኔ ጥያቄ ነው።»

የኤርሲዶ እናት በሩ ሥር ተቀምጠው ነበር። «ሦስታችሁ ተባብራችሁ ገደላችሁት» አሉ። «ዲዳ ልጅ ነበረኝ። ግን ልጅ ነበረኝ።»

ሽማግሌዎቹ አንቺስ ምን ትያለሽ ብለው ወደ ኤርጎጌ ዞሩ። ኤርጎጌ ማንበብ አትችልም። ባሏ የጻፈውን ሁሉ የሰማችው በእነዚህ ሦስት ሰዎች አፍ እንደሆነ ተናገረች፤ ማንን ከማን ታስበልጥ? ሽማግሌዎቹ ሳይቆርጡ ተነሡ።

ልጅቷ አሁን ድክ ድክ ማለት ጀምራለች። ሲጠሯት «አንቺ» ይሏታል፤ እሷም አቤት ትላለች። ሽማግሌ የተሳነውን እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፦ ፊደሉን የሰጠው፣ ቋንቋውን የሰጡት ወይስ ነገሩን ያስያዘው፣ ለኤርሲዶ ልጅ ስም ማውጣት የሚገባው ማን ነው? ወይስ የኤርሲዶ እናት እንዳሉት፣ ከሦስቱ አንዱም አፉን ሊከፍትባት አይገባውም?